ከሐዘን ያልወጣ የመጀመሪያ አልበም

ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ በ23 ዓመቱ ራሱን ያጠፋው ባንዱ ጆይ ዲቪዥን ወደ አሜሪካ ሊጓዝ ዋዜማ ላይ፣ ሜይ 18 ቀን 1980 (እ.ኤ.አ.) ነው። በርናርድ ሰምነር፣ ፒተር ሁክና ስቲቨን ሞሪስ ከመካከላችን አንድ ሰው ከጎደለ በዚህ ስም አንጫወትም ብለው ተስማምተው ነበርና ቃላቸውን ጠበቁ። ኒው ኦርደር ተባሉ። በዚያው ዓመት ጊሊያን ጊልበርት ኪቦርድና ጊታር ይዛ ተቀላቀለቻቸው።

የመጀመሪያ አልበማቸው «ሙቭመንት» በኖቬምበር 1981 ከማንቸስተሩ ፋክተሪ ሪከርድስ ወጣ። ስሙ እንቅስቃሴ ማለት ነው፤ ከስምንቱ ዘፈኖች አብዛኞቹ ግን ለቅሶ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ከቦታቸው አይነሱም። ማን ይዝፈን የሚለው ገና አልተቋጨም። ሁለቱን ሁክ፣ የቀሩትን ሰምነር ይዘፍናሉ፤ ሁለቱም የሟቹን ድምፅ የተዋሱ ይመስላሉ። የጆይ ዲቪዥንን ሁለት አልበሞች የሠራው ፕሮዲውሰር ማርቲን ሃኔትም ድምፃቸውን ከመሣሪያው ሥር ቀበረው። «ሴንስስ» እና «ዘ ሂም» ላይ ሰው ሳይሆን ጭጋግ የሚዘፍን ይመስለኛል።

«ድሪምስ ኔቨር ኤንድ» ግን ሌላ ነገር ነው። አልበሙን የሚከፍተው እሱ ነው። የሁክ ቤዝ ጊታር እንደ ወጉ ከሥር ሆኖ አያጅብም፤ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ወጥቶ ዜማውን ራሱ ይመራል። ጊታሮቹ ይከተሉታል፣ ሁክም ያለ ኀፍረት ይዘፍናል። በኋላ ዓለም ያወቀው ኒው ኦርደር እዚህ ሦስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ብቅ ብሎ ተመልሶ ይሰወራል። «ትሩዝ» የድራም ማሽን ይዞ ይመጣል፤ እሱም ቢሆን አያስጨፍርም።

(ሽፋኑ ከዘፈኖቹ ይበልጥ በራሱ የተማመነ ነው። ዲዛይነሩ ፒተር ሳቪል ከጣሊያናዊው ፉቱሪስት ፎርቱናቶ ዴፔሮ ፖስተር የወሰደው ሲሆን፣ መስመሮቹ ኤፍ እና ኤል ፊደላትን ይሠራሉ። ኤል በሮማውያን ቁጥር 50 ነው፤ የአልበሙ መለያም ፋክት 50።)

የሚገርመው፣ አልበሙ ያጣው የጭፈራ ሙዚቃ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሃኔት እጅ ተሠርቶ ነበር፦ «ኤቭሪቲንግስ ጎን ግሪን» በሚባል ነጠላ ዜማ። አልበሙ ውስጥ ግን አላስገቡትም። ከዚያ በኋላ ከሃኔት ተለያይተው ሥራቸውን ራሳቸው ያቀናብሩ ጀመር፤ በ1983 የወጣው «ብሉ መንደይ» ከባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላዎች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚ ሆነ።

ለኒው ኦርደር እንግዳ ከሆኑ በ«ሙቭመንት» አይጀምሩ። መጀመሪያ «ብሉ መንደይ»ን ይስሙ፤ ከዚያ ወደዚህ አልበም መለስ ይበሉና የመጀመሪያውን ዘፈን ሁለት ጊዜ ያጫውቱት።