የሩፋዓዋ የጭቃ ጎጆ

ሱዳን ውስጥ ከካርቱሙ አል-ጣኢፍ ሰፈር ተነሥቶ ጥቁር አባይን ሽቅብ የተከተለ መንገደኛ ሩፋዓ ይደርሳል። ከጣና የወረደው ውሃ በከተማዋ ደጅ ያልፋል። ሼክ ባቢክር በድሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሴት ልጆችን ማስተማር የጀመሩት እዚያ፣ በአንዲት የጭቃ ጎጆ ውስጥ ነው።

በድሪ በወጣትነታቸው ደርቡሽ፣ የማህዲ ተከታይ፣ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት በ1889፣ እሳቸው ከማህዲ ጦር ጋር ግብፅ ዘልቀው ቶስኪ ላይ ተማረኩ። ተመልሰውም በ1898 እንግሊዞች የማህዲን ጦር ከፈጁበት ከካረሪው እልቂት ተረፉ። እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ በሩፋዓ የወንዶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ።

የሴቶችም ይከፈት ሲሉ ግን መንግሥት እንቢ አለ። የማህዲ አመፅ ያስበረገጋቸው ሹማምንት፣ ሃይማኖታችን ተነካ ብሎ ሕዝቡ እንዳይነሣባቸው ፈርተው ነበር። በስንት ልመና የተገኘውም ፈቃድ፣ በገዛ ቤታቸውና በገዛ ገንዘባቸው እንዲያስተምሩ ነበር።  

ተማሪስ ከየት ይምጣ? ወላጅ ወንድ ልጁን ወደ ኸልዋ፣ ወደ ቁርኣን ትምህርት ቤት፣ መላክ ለምዷል። እዚያ ልጁ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሲሸመድደው በውሃ አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መስደድ ግን ብዙዎች ዘንድ ስም የሚያጎድፍ ነገር ነበር። በድሪ የራሳቸውን 9 ሴት ልጆች አስቀመጡ። የጎረቤት 8 ተጨምረው 17 ሆኑ። ለእኔ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ነውር ከመጣ ቀድሞ የሚያርፈው ሼኩ ቤት ላይ ስለሆነ፣ ጎረቤት ደፍሮ ሊከተል ቻለ። የአዲስ አበባው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚህ 24 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

የቤተሰቡ ሥራ ኋላ ወደ ኦምዱርማን ተሻገረ። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 የአህፋድ የሴቶች ኮሌጅን በ23 ተማሪዎች ከፈቱ፤ ከ1995 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሼኩ በ1954 ስላረፉ ይህን አላዩም፤ የራሳቸውን ውጣ ውረድ ግን በገዛ እጃቸው በአረብኛ ጽፈው ትተዋል።