የድሮ ላንድክሩዘር ፍሬን፦ የትኛው የግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ ይሻላል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ቦሎ ለማሳደስ መኪና የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለበት። በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግን የግል መኪና መደበኛ ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ አይደረግለትም። በኮሎምበስ ከተማ ምዕራብ፣ በሂልቶፕ ሰፈር የድሮ ላንድክሩዘር የሚነዳ ሰው የፍሬኑ ኃላፊነት የራሱ ነው።

ባለ 40 ሞዴሎቹ አሜሪካ ውስጥ እአአ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነበራቸው። ብዙ ባለቤቶች የፊቱን ወደ ዲስክ ይቀይራሉ። ዲስክ ከፍ ያለ የዘይት ግፊት ይሻል፤ የታምቡር ሸራ ግን ከጎማው ዙረት ጋር ራሱን እያጠበቀ ስለሚይዝ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደት ወደ ፊት ያደላል። የቀለለው የኋላ ጎማ በበረዶ ላይ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናው ይሽከረከራል።

ቫልቩ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል እንጂ ለፊቱ ጉልበት አይጨምርም። ያረጀ ፍሬን ማስተርን በቫልቭ ማዳን አይቻልም።

ለተቀየረ መኪና በእጅ የሚስተካከለው ዓይነት ይመረጣል። የሚገጠመው በኋለኛው የዘይት መስመር ብቻ ነው። መኪናው ባዶ ሳለ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በዝግታ እየተሞከረ የፊት ጎማዎች ቀድመው እስኪቆለፉ ይስተካከላል።

ዕቃ ለሚጭን ሰው ጭነትን የሚለየው ቫልቭ ይስማማል፤ በሻንሲውና በኋላ አክሰሉ መካከል ያለውን ርቀት ይከተላል። ሆኖም ባሌስትራው ከፍ ከተደረገ ቫልቩ መኪናውን ሁልጊዜ ባዶ አድርጎ ስለሚቆጥረው የኋላ ፍሬን ይደክማል፤ ማገናኛ ዘንጉም እንደገና መስተካከል አለበት።