የጦር አውሮፕላን ሌንስ በጋዜጠኛ ካሜራ ላይ

እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ፣ በዲጂታል ካሜራ በታጠቁት የፎቶ ጋዜጠኞች መካከል ዴቪድ በርኔት አንድ አሮጌ ባለ ሳጥን ካሜራ ይዞ ዕጩውን ጆን ኬሪን ይከተል ነበር። ያነሳቸውን ፎቶዎች ያየ ሰው ወዲያው ይለያቸዋል፤ ዓይን የሚያርፍበት ሰው ጠርቶ ይወጣል፣ ከፊቱና ከኋላው ያለው ሁሉ እንደ ጭጋግ ይሟሟል። ካሜራው ስፒድ ግራፊክ፣ ሌንሱ ኤሮ ኤክታር ይባላሉ። ሁለቱ የአንድ ከተማ ምርቶች ቢሆኑም አብረው እንዲሠሩ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም። ያገጣጠሟቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጡ ፎቶ ወዳዶች ናቸው።

ኤሮ ኤክታርን በአሜሪካዋ የሮቸስተር ከተማ የሚገኘው ኮዳክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ የቅኝት አውሮፕላኖች ሠራው። የትኩረት ርዝመቱ 7 ኢንች ወይም 178 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 2.5 ነው። ኬ 24 በተባለው የአየር ካሜራ ላይ ተገጥሞ፣ በሌሊት ጭምር፣ 5 በ5 ኢንች በሆነ ፊልም ላይ መሬትን ያነሳ ነበር። ለዚህን ያህል ሰፊ ፊልም እንዲህ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ዛሬም ብርቅ ነው። በ4 በ5 ኢንች ፊልም ላይ የሚሰጠውን እይታና ጥልቀት በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ለማግኘት እስከ ኤፍ 0.7 የሚከፈት የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ባሪ ሊንደን» ፊልሙ የሻማ ብርሃን ትዕይንቶች የተጠቀመበት የዛይስ ሌንስ እንዲህ ያለ ነበር፤ ያን ደግሞ ማን ያገኘዋል?

ችግሩ ኤሮ ኤክታር ሻተር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስን መዝጊያ፣ የሌለው መሆኑ ነው። የአውሮፕላኑ ካሜራ ሻተሩን የያዘው በራሱ ቦዲ ውስጥ ነበር። አብዛኞቹ ባለ ትልቅ ፊልም ካሜራዎች ግን ሻተራቸው ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከፊልሙ ፊት የሚሮጥ የጨርቅ መጋረጃ ሻተር ያለው ቦዲ ያስፈልጋል፤ በዚያው በሮቸስተር ግራፍሌክስ የሠራው ስፒድ ግራፊክ ይህን ያሟላል። መጋረጃው እስከ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ድረስ ይፈጥናል። የፎቶ ጋዜጠኛው ጆ ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካ ወታደሮች በኢዎ ጂማ ደሴት ባንዲራ ሲተክሉ ያነሳው በስፒድ ግራፊክ ነው።

ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስፒድ ግራፊክ ክራውን ግራፊክ የሚባል፣ ከሩቅ ሲያዩት ምንም የማይለይ ወንድም አለው። ቀለል ያለ ነው፣ የመጋረጃ ሻተር ግን የለውም፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስፒድ ግራፊኩም ቢገኝ መጋረጃው ይፈተሽ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በካሜራው ሆድ ባትሪ ሲበራ ነጥብ ነጥብ ብርሃን ከታየ ጨርቁ ተበስቷል ማለት ነው።

የሌንሱን ዕድሜ ማወቅ ቀላል ነው። ኮዳክ በመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ያትም ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል ከተሠራበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዞች አንዱን ይወክላል። ኢ 4 ነው፣ ኤም 3 ነው፤ ኢ ኤም ብሎ የሚጀምር ሌንስ እ.ኤ.አ. የ1943 ሥራ ነው።

መስታወቱ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት አትደንግጡ። ብርሃንን በኃይል እንዲሰብር ቶሪየም ተጨምሮበታል፤ የቶሪየሙ ጨረር በጊዜ ብዛት መስታወቱን ያጠቁረዋል። ለብዙ ቀናት ፀሐይ ወይም የአልትራቫዮሌት መብራት ሲያገኝ ይጠራል። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ግን ከሥሩ የሚቃጠል ነገር እንዳይኖር፤ ይህን የሚያህል ሌንስ እሳት ያስነሳል። ጨረሩ ለተጠቃሚው ብዙም የሚያሰጋ አይደለም፣ ሆኖም አልጋ አጠገብ አይቀመጥ፣ ካልተነሳ ፊልም ጋር አይከማች። መስታወቱን መፈግፈግ ወይም መሞረድ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ዱቄቱን መተንፈስ እውነተኛው አደጋ ነው።

ከዚያ መግጠም ይመጣል። የሌንሱ የኋላ ክፍል ሰፊ በመሆኑ በሌንስ ሰሌዳው ላይ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ጥሩ ቶርኖ ቤት የአሉሚኒየም ቀለበት ይቆርጥለታል፤ አሁን አሁን በ3ዲ ፕሪንተር የሚያትሙትም አሉ። ሌንሱ ከባድ ስለሆነ የፊቱ መቆሚያ ወደ ፊት እንዳይዘነብል ድጋፍ ይፈልጋል። የካሜራው ርቀት መለኪያ ለሌላ ሌንስ የተስተካከለ ነው፤ እስኪታረም ድረስ ትኩረቱ የሚያዘው ምስሉ ተገልብጦ በሚታይበት ደብዛዛ መስታወት ላይ ነው። ፊልሙ እስኪገባ ተነሺው ትንሽ ከተነቃነቀ ዓይኑ ከትኩረት ይወጣል። በርኔት ይህን በሚንቀሳቀሱ ፖለቲከኞች ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በለንደን ኦሊምፒክ መሥራቱ ያስደንቀኛል።

ፊልሙ አያሳስብ። ኢልፎርድ በእንግሊዝ፣ ኮዳክ በሮቸስተር የ4 በ5 ኢንች ፊልም ዛሬም ያመርታሉ። ይህን ጥንድ ለመገጣጠም የምታስቡ ግን ሌንሱን አስቀድማችሁ አትግዙ፤ ሻተሩ የሚሠራ ስፒድ ግራፊክ መጀመሪያ እጃችሁ ይግባ።