በጾም የታለበው ወተት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ሥጋና ዕንቍላል፥ ወተትና ቅቤ አይበሉም። ይህ ሥርዐት ላም በሌለበት ቤት ይቀላል፤ በአርሲ ደጋ፥ በሁሩታ ላም ለሚያልብ ግን ፈተናው በየማለዳው ከደጁ ነው። ሰው ይጾማል፤ ላም ግን አትጾምምና።

ለሰውነታችን አንስጋ። ደጋው የሚያበቅለው ባቄላና አተር፥ ገብስና ስንዴ ኀይል ይሰጣል። ወጡ በቅቤ ፈንታ በኑግ ዘይት ይሠራል፤ ሱፍና ተልባ ተወቅጠው እንጀራ ይፈተፈትባቸዋል። ዳንኤልና ጓደኞቹም በባቢሎን 10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ቢመገቡ፥ ፊታቸው ከሌሎቹ አምሮ ተገኘ።

እንግዲህ የታለበው ወተት ወዴት ይሂድ? ብዙዎች ተንጦ ቅቤው ይነጠር፥ ለፋሲካም ይቀመጥ ይላሉ። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ቅቤ በበዓል ዋዜማ እንደሚወደድ ዐውቀን ሁሉን ለገበያ ብናከማች፥ ሆዳችን ጾመ እንጂ ስስታችን አልጾመም። 7 ዓመት ያልሞላው ሕፃን፥ በሽተኛና አራስ በጾሙ አይገደዱም፤ ላም የሌላት ጎረቤታችንም ልጅ አላት። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ጾምን ለተራበ ከማካፈል ጋራ አያይዞ ያስተምረናል። ስለዚህ እኛ የተውነው ዋንጫ ወደዚያ ሕፃን ይድረስ። ያልጠጣነውን ሌላው ካልጠጣው ጾማችን ቍጠባ ብቻ ይሆናል።

ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።