አውራ ዶሮ ሲበዛ ሴቷ ትጎዳለች

በወላይታ ለጊፋታ ወይም ለገና ገበያ ተብለው የሚቆዩ አውራ ዶሮዎች ከሴቶቹ ጋር ሲውሉ ለማጥቃት ይሻማሉ። በዚህም የሴቷ የጀርባ ላባ ይነቀላል፤ ቆዳዋ ይቆስላል፤ ተረጋግታም አትመገብም። ሴቷ ግን ምርጫ አላት። ፒዛሪና በርክሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስታወቁት፣ ሴት ዶሮ በግድ ያጠቃትን የበታች አውራ ዘር ከሰውነቷ ታስወጣለች። ስለዚህ አውራ ማብዛት ጫጩት አያበዛም።

የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለገበሬው የሚከተለውን ማስረዳት ይኖርባቸዋል፦

1. ለ10 ሴት ዶሮዎች 1 አውራ ይበቃል።
2. ለዘር ጤናማውና ግዙፉ ይቅር፤ እሱ ተሸጦ ደካማው ከቀረ ጫጩቶቹም ደካማውን ይመስላሉ።
3. የሚሸጡት አውራዎች ተለይተው ይቀመጡ።
4. ዕንቁላሉ ለምግብ ወይም ለሽያጭ ብቻ ከሆነ አውራ አያስፈልግም፤ ሴት ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች።