ባትሪው ላይ ከመፍረድ በፊት

ጠዋት ቁልፍ ሲዞር መኪናው «ጠቅ፣ ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት ፍርዱ ያልቃል፤ ባትሪው ሞቷል። ማኑዋል ከሆነ ተገፍቶ፣ ካልሆነም ከጎረቤት መኪና በኬብል ተነስቶ ይሄዳል። በሳምንቱ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይወርዳል። ባትሪ እኮ የተሰጠውን ነው የሚያስቀምጠው። ዋና ሥራው ሞተሪኖውን ማዞር ሲሆን፣ ሞተር ከተነሳ በኋላ መብራቱንና ሬዲዮውን የሚመግበው፣ ለባትሪውም ያወጣውን የሚተካለት ጋራዥ ውስጥ ዲናሞ የሚሉት አልተርኔተር ነው።

ዲናሞው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይዞራል። ውስጡ ያለው ሮተር ሲሽከረከር ዙሪያውን በተጠመጠመው መዳብ ላይ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ዳዮዶቹ ለባትሪ ወደሚስማማው ባለ አንድ አቅጣጫ ይለውጡታል፤ ሬጉሌተሩ ከልክ እንዳያልፍ ይገታዋል። ሮተሩ ኃይል የሚያገኘው በሁለት ትናንሽ ካርቦኖች በኩል ነው፤ እነሱም እየተፋጩ ያልቃሉ። «ተቃጥሏል» ተብሎ ሙሉው ከተጣለው ዲናሞ ውስጥ ካርቦን ብቻ የሚፈልገው ጥቂት አይደለም።

ለምርመራ ርካሽ ቴስተር ይበቃል። ያደረ መኪና ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ሞተር ተነስቶ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ሊያሳይ ይገባል። በአዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ ቻርጁን ሆን ብሎ ስለሚቀንስ ትልቁን መብራት አብርቶ መለካት ይሻላል። ቁጥሩ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ከነበረው ካልጨመረ ቻርጅ የለም፤ 15ን ካለፈ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን በዲናሞውና በባትሪው መካከል ያለውን መንገድ ነው። ዲናሞው ጀርባ 14.3 እየታየ ባትሪው ላይ 13.2 ከሆነ፣ ከአንድ ቮልት በላይ ሽቦው ላይ ቀርቷል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ጥፋቱ የመሬት ኬብሉና ማያያዣዎቹ ነው። ባትሪው ራስ ላይ የበቀለውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት (ሞተር አጥፍቶ፣ ኔጌቲቩን አስቀድሞ ፈትቶ) በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ማጠብ፣ ካሰሩት በኋላም ግራሶ መቀባት ነው።

ሌሊቱን ባትሪ እያለቀ ከሆነ፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ዲናሞውን በእጅ መዳሰስ ነው። ቆሞ ያደረ ዲናሞ ለብ ካለ ዳዮዱ እያሳለፈ ባትሪውን ይጠጣል።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ኬብል ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ እጁን ይያዙት። በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልት ሬጉሌተሩንም ኮምፒውተሩንም ሊጨርስ ይችላል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የባትሪ ምልክት ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራም ችግር አለ። በቮልስ ላይ እየነዱ ከበራ ደግሞ ወዲያው ያጥፉ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የተተከለው ዲናሞው ዘንግ ላይ ስለሆነ፣ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ይቃጠላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም። ባለ 12 ቮልቷ ትንሽ ባትሪ ግን አለች፤ የምትሞላውም ከትልቁ ባትሪ በመቀየሪያ በኩል ነው። እሷ ከወረደች፣ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም፤ መግፋትም አይረዳም። መኪናው ተነስቶ ዝግጁ ሲሆን እሷ ላይ ከ13 ቮልት በላይ ካልታየ፣ ባትሪ ሻጭ ጋ ከመሄድ መቀየሪያውን የሚያውቅ ባለሙያ መጥራት ነው። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ሽቦዎች ለእሱ ይተዉለት።