ውሃው የሚታየው ሌላ፣ የሚገባው ሌላ

ከይፋት ቆላ ማሾ የሚያስጭን ነጋዴ ሸራውን ከመክሰሱ በፊት ምን ይመርምር?

ከማጀቴ የተነሣ አይሱዙ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ደርሶ ሸራው ሲገለጥ ክርክር የሚነሣበት ጊዜ አለ። ከላይ ያሉት ጆንያዎች ርሰዋል። ነጋዴው «ሸራህ ያስገባል» ይላል። ባለመኪናው ደግሞ «ሸራው አዲስ ነው፤ አንተ ነህ ማሾውን ሳይደርቅ ያስጫንከው» ብሎ ይመልሳል። ደላላው በመሐል ቆሞ ከዋጋው ላይ ስንት እንደሚቀነስ ያሰላል። ሁለቱም ምክንያቱን ሳያውቁ ይለያያሉ፤ በሚቀጥለው ጉዞም ያው መኪና ያው ውሃ ይዞ ይመጣል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም። ሃምሳ ኩንታል ከጫነ መኪና ላይ ሁለት ኩንታል ቢርስ ጉዳቱ አራት በመቶ ይመስላል። ነገር ግን ገዢው እርጥብ ጆንያ ካየ በኋላ የቀሩትን አርባ ስምንቱንም በጥርጣሬ ነው የሚያያቸው። ድርድሩ የሚካሄደው በሁለቱ ሳይሆን በሃምሳው ላይ ይሆናል።

ማሾ ደግሞ ውሃን የማይታገሥ እህል ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ በኤፍራታና ግድም እንዲሁም በአንጾኪያና ገምዛ ቆላማ ቀበሌዎች ለገበሬው የገንዘብ ሰብል የሆነው ይህ ምርት፣ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ የገባ ሲሆን ወደ ህንድና ኢንዶኔዥያ ጭምር ይላካል። ዋጋ የሚያወጣው አረንጓዴው መልኩና ንጣቱን ያልያዘ ቆዳው ነው። ከረሰ መልኩ ይደበዝዛል፤ ሙቀት ካገኘም ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ መጎንቆል ይጀምራል። ምርቱ የሚሰበሰበው ጥቅምትና ኅዳር ላይ በመሆኑ ብዙው ጭነት በደረቅ ወራት ይጓዛል። ዋጋ እስኪወጣ ብሎ መጋዘን ያቆየ ነጋዴ ግን ከየካቲት ጀምሮ የበልጉን ዝናብ መንገድ ላይ ያገኘዋል።

ዝናብ ሳይዘንብ የሚረሰው ጭነት

በመጀመሪያ የሚጣራው ጉዳይ ውሃው ከውጭ ገባ ወይስ ከውስጥ ተፈጠረ የሚለው ነው። መንገዱን ያስታውሷል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ ሲሻገር ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በዚህ አጭር ዳገት ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። የጣርማ በር ጉም ሲጨመርበት ደግሞ ሸራው በረዶ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ በቆላው ሙቀት የተጫነው ማሾ ግን ገና ትኩስ ነው። ከጆንያው የሚወጣው እርጥበት ያዘለ አየር ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ላቦት ይሆንና ይንጠባጠባል። በድስት ክዳን ላይ የምናየው ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ዝናብ ሳያገኝ የላይኛው ረድፍ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በእኩል ደረጃ ከረጠበ ሸራውን መክሰስ ትርፉ ድካም ነው። አዲስ ሸራ ቢገዛም ላቦቱ አይቀርም፤ እንዲያውም አየር የማያሳልፈው ፕላስቲክ ሸራ ያብሰዋል።

መፍትሔው በጭነቱ በኩል ነው። እህሉ በደንብ ደርቆ ይጫን፤ በተለምዶ ለማከማቻ የሚመከረው እርጥበት ከ12 እስከ 13 በመቶ ነው። ላስቲክ በጆንያው ላይ በቀጥታ አይነጠፍ። በጆንያውና በሸራው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው፤ ከላይም ጠብታውን የሚመጥ ደረቅ ባዶ ጆንያ ይደርደር።

የረሰው ቦታ ምን ይናገራል?

ዝናብ ነበር እንበል። ያን ጊዜ የረሱትን ጆንያዎች ሳያነሡ በፊት ቦታቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

መሐል ላይ ከረሰ፣ ሸራው በቀስት ብረቶቹ መካከል ረግቦ ውሃ አቁሯል ማለት ነው። የቆመ ውሃ በስፌት ቀዳዳ ይወርዳል። ስፌቱን ከመለጠፍ በፊት ገመዱን መወጠር፣ ካስፈለገም ተጨማሪ ቀስት ማስገባት ይቀድማል።

በስፖንዳው ዳር ዳር ከረሰ፣ የሸራው ጫፍ ከስፖንዳው ውጭ መውረድ ሲገባው ወደ ውስጥ ተጠቅሷል።

ከጋቢናው ጀርባ ያለው ረድፍ ከረሰ፣ ነፋስ ዝናቡን ከፊት እየገፋ አስገብቶታል። ሁለት ሸራ የሚያለብስ ሰው የፊተኛው በኋለኛው ላይ መደረቡን ያረጋግጥ። የሣር ቤት ክዳን ውሃ የማያስገባው በአደራረቡ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ነገሩ አደራረብ ነው።

የታችኛው ረድፍ ብቻ ከረሰ ደግሞ ሸራው ንጹሕ ነው። ጎማው የረጨው ውሃ በወለሉ ቀዳዳ ገብቷል፤ ወይም ወለሉ ሳይደርቅ ተጭኗል።

ከታች ወደ ላይ

ምልክቱ ካልለየ መፈተን ነው። መኪናው ባዶ ሆኖ፣ ቀትር ላይ አንድ ሰው ሸራው ውስጥ ይግባና ይዘጋበት፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ሁሉ ይታየዋል፤ በጠመኔ ያክብበው። ቀጥሎ ሌላው በውሃ ጎማ ከውጭ ያጠጣል። ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ደቂቃ እየቆየ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ የጀመረ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያርስ የትኛው እንዳስገባ አያውቅም። የላቫጆ ግፊት አይጠቀሙ፤ ዝናብ በማይገባበት ሁሉ ያስገባልና።

ጋቢናውም በዚሁ መንገድ ይፈተናል። እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ሲርስ ብዙዎች የበሩን ጎሚኒ ይቀይራሉ። ውሃው ግን ከደረቀው የፊት መስታወት ጎማ ገብቶ በላሜራው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ምንጣፉን አንሥቶ በላሜራው ላይ ደረቅ የኖራ ዱቄት መነስነስ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ውሃው የሄደበትን መሥመር ይጽፋል። መሥመሩን ወደ ላይ መከተል ብቻ ነው የሚቀረው።

ከተማ ውስጥ ጣሪያው የሚታጠፍ የቤት መኪና ያላቸውም ችግራቸው ተመሳሳይ ነው። ሸራው ደህና ሆኖ ሳለ ከጣሪያው መታጠፊያ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠልና በአቧራ ይደፈንና ውሃው ወደ መቀመጫ ሥር ይመለሳል። በበር ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች «ውሃ ያስገባሉ» ብሎ በሲልኮን የሚደፍን ባለሙያ አለ። እነዚህ መውጫዎች ናቸው፤ ሲደፈኑ በሩ ገንዳ ሆኖ ከውስጥ ይዝጋል።

ያገለገለ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላም ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል። ምንጣፉን ያንሣ፤ የመቀመጫውን ብሎኖች ዝገት ይይ፤ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ የጭቃ መሥመር ይፈልግ። የረሰ ወለል ማለት ነገ የሚቋረጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማለት ነው።

ማን ይክፈል?

ምክንያቱን ማወቅ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 አጓጓዡን ዕቃውን ከተረከበበት እስካስረከበበት ጊዜ ለሚደርሰው ጉዳት በመርህ ደረጃ ተጠያቂ ያደርገዋል። ጉዳቱ ከራሱ ከዕቃው የመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በቀዳዳ የገባ ውሃ የባለመኪናው፣ ካልደረቀ እህል የወጣ ላቦት የነጋዴው ዕዳ ወደ መሆን ያደላል ማለት ነው።

ስለዚህ ማጀቴ ላይ ሲጫን የእህሉ ድርቀትና የሸራው ሁኔታ በጭነት ሰነዱ ላይ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። እህል በረንዳ ሲደረስም ሸራው ሦስቱም ባሉበት ይገለጥ፤ የረሱት ጆንያዎች ቦታቸው ሳይታይ አይውረዱ። አንዴ ከወረዱ በኋላ የሚቀረው ጩኸት ነው፤ በጩኸት ደግሞ የሚያተርፈው ዋጋ የሚቀንሰው ገዢ ብቻ ነው።